ሽመላዎቹ የገቡበት ቀን

ጋሽ እንዳላማው ወፍ ይቆጥሩ ነበር። ይጁቤ ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ ለምን እንደሚቆጥሩ የገባው ግን አንድም ሰው ያለ አይመስለኝም። የሳይንስ መምህር ነበሩ። ቤታቸው ከእኛ ሱቅ ፊት ለፊት፣ በመንገዱ ማዶ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል በየጠዋቱ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው ከከተማው በታች ወዳለው ሜዳ ይወርዳሉ፤ ሲመለሱ ጠንካራ ሽፋን ባለው ደብተራቸው ላይ ከሩቅ አገር የመጣውን ወፍና የታየበትን ቀን ይጽፋሉ። ጭራዋን የምትነቀንቀው ቢጫ ወፍ መቼ መጣች፣ ጭልፊቶቹ መቼ ታዩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሽመላዎቹ መቼ ገቡ። የገበያው ሰው ይቀልድባቸዋል። «መምህር፣ ዘንድሮስ መታወቂያ ይዘው ነው የመጡት?» ይላቸዋል አንዱ። እሳቸው ይስቁና መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

እኔ አልቀልድም ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እናቴ ከፈቀደችልኝ አብሬያቸው እወርዳለሁ። ሜዳው ውኃ ያቆረና ጭቃ የበዛበት ስለነበር ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የምሄደው። አንድ ነገር አየሁ ስላቸው ዝም ብለው አይቀበሉኝም። «ስንት ናቸው? የት ላይ? እግራቸው ምን ዓይነት ነው?» ብለው ያፋጥጡኛል። ሽመላ ረጅም ቀይ እግር አለው፤ ከብት የሚከተሉት ነጫጭ ወፎች እግር ግን ቀይ አይደለም። ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «ሳሊሃ፣ ያላየሽውን አየሁ ካልሽኝ ደብተሩ ይታመማል» ይሉኝ ነበር፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው። ደብተሩ እውነት የሚታመም ይመስለኝ ነበር።

ወንድሜ ያሕያ ከእኔ በፊት የእሳቸው ተማሪ ነበር። የቤታችን የመጀመሪያ ልጅ እሱ ነው፤ በእኔና በእሱ መካከል አሥር ዓመት አለ። በ1999 ዓ.ም. ጥር ላይ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በመተማ በኩል ሱዳን ገባ። ከካርቱም ሁለት ጊዜ በሱቃችን ስልክ ደወለ። በሁለተኛው ጊዜ ወደ ሊቢያ እንደሚሄድ ነገረን፤ እናቴ ስልኩን እንደያዘች ከንፈሯን ነክሳ ስትሰማው አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ አልደወለም።

ሐምሌ ላይ የቤታችን ነገር ተለወጠ። አባቴ ዑበይዱላህ ሱቁ ጓዳ ገብቶ፣ የጨው ጆንያዎቹ ዘንድ ብዙ ይቆይ ጀመር። ዓይኑ ቀልቶ ሲወጣ «የሳሙና ዱቄት ገባብኝ» ይላል። ያን ያህል የሳሙና ዱቄት የምንሸጥ ሰዎች አልነበርንም። ጎረቤቶች ተሰብስበው ሲያወሩ እናቴ ሸምሲያ ብቅ ካለች ወሬው ይቋረጣል፤ ወዲያው ስለ ዝናቡ ይጀመራል። ግድግዳው ላይ የነበረው የያሕያ ፎቶግራፍ መስታወቱ ተሰንጥቋል ተብሎ ወረደ። እኔ ደግሞ መስታወቱን በየቀኑ ስለማየው ስንጥቅ እንደሌለው አውቃለሁ።

ልጅ ስለሆንኩ እንጂ ሞኝ አልነበርኩም፤ አንድ ነገር እንደተደበቀ ገብቶኛል። ግን ሰው እንዲህ ሲንሾካሾክ ከዚያ በፊት ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። በአማኑኤል ከተማ የሚኖረው የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ አብዱልአሊም፣ ከሐጅ ሲመለስ እናቴን በድንገት ሊያስደስቷት ብለው ሳምንት ሙሉ ተንሾካሽከውባታል። ስለዚህ አሁንም የተደበቀው ደስታ ነው አልኩ። ያሕያ ሊመጣ ነው።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ አባቴ፣ አጎቴና ጋሽ እንዳላማው ሱቁ ውስጥ ተቀመጡ። እኔ ከባንኮኒው ሥር የፈሰሰ ምስር እለቅም ነበር። እናቴ እርጉዝ ናት፤ ሆዷ ከብዷት ጓዳ ተኝታለች።

«ሳትገላገልማ አይሆንም» አለ አባቴ።

«ጳጉሜን ላይ ነው የተባለው አይደል?» አለ አጎቴ።

«አራስ ሆናስ እንዴት ይሆናል? ሁለት ሳምንት እንኳ ትጠንክር እንጂ።»

ጋሽ እንዳላማው በዝግታ «ሽመላዎቹ ከመስከረም ስምንት እስከ አሥራ አራት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚገቡት። አሥራ አንድ ዓመት ጽፌዋለሁ፤ አንድም ጊዜ አልቀደሙም። ያን ጊዜ መንገዱም ይደርቃል» አሉ።

«በቃ እሱ ይሁን» አለ አጎቴ። «በስልክ ሌላ ቃል እንዳትናገሩ፤ ሸምሲያ አጠገቡ ናት። ሽመላዎቹ ገቡ በሉኝ፤ እኔ ሰው ይዤ እመጣለሁ።»

ሰው ይዤ እመጣለሁ። ምስሩን እንደጨበጥኩ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። አጎቴ ያሕያን አማኑኤል ደብቆታል ማለት ነው።

አጎቴ «ሰው» ያለው መርዶ የሚያረዱትን ሽማግሌዎች ነበር። ያሕያ በሰኔ ወር፣ በሰሃራ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ ሞቷል። የተረፈው ጓደኛው ለአጎቴ ደውሎ ነግሮታል። እኛ አገር ደግሞ መርዶ እንደመጣ አይነገርም፤ ቀን ይመረጥለታል፣ የሚነግሩ ሰዎች ይመረጡለታል። ያን ዕለት ሦስቱ ሰዎች ለእናቴ ቀን እየመረጡላት ነበር። አሁን ሳስበው፣ ልጇ የሞተባት ሴት ስታልፍ ስለ ዝናብ ማውራት ምን ያህል እንደሚያደክም ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን ደስታዬን ይዤ መተኛት አቃተኝ።

ጳጉሜን ስድስቱንም ቀን ጨረሰች፤ እናቴ አልወለደችም። የሚሊኒየሙ አዲስ ዓመት ገባ። ሱቃችን ፊኛና ባንዲራ ሸጠ፤ እትዬ ሥራነሽ፣ የጋሽ እንዳላማው ባለቤት፣ ድፎ ዳቦ ቆርሳ ላከችልን። እናቴ ከዳቦው ላይ አንዱን ቁራጭ በጨርቅ ጠቅልላ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። በማግሥቱ ረመዳን ገባ፤ አባቴ በዚያው ቀን ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄደ። እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ መንገዱን እያየች «ምነው ድምፁን እንኳ ባሰማኝ» አለች። ለእኔ አልነበረም የተናገረችው። እጇ ሆዷ ላይ ነበር፤ ጉንጯ ላይ እንባ ነበር፤ አልጠረገችውም።

እኔ የእናቴን እንባ አልችልም ነበር። እና ደግሞ መድኃኒቱ በእጄ ነበር። ሽመላዎቹ እስኪመጡ ስድስትና ሰባት ቀን የሚጠበቅበት ምክንያት ጨርሶ አልታየኝም።

መስከረም ሦስት፣ ዓርብ ጠዋት፣ መንገዱን ተሻግሬ ሄድኩ። ጋሽ እንዳላማው በራፋቸው ላይ ጫማቸውን እያጠለቁ ነበር።

«ጋሼ፣ ሽመላ አየሁ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ስንት?»

«አምስት።»

«የት ላይ?»

«ከወንዙ ወዲህ፣ ከብቶቹ ዘንድ።»

«እግራቸውስ?»

«ቀይ ነው» አልኩ። ሌላ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም፤ ፈተናውን ያወጡትም እሳቸው፣ መልሱን ያስጠኑኝም እሳቸው ናቸው። ደብተሩን ብብታቸው ሥር አድርገው ወደ ሜዳው ወረዱ። እኔ ደብተሩ እንዳይታመም እየፈራሁ ወደ ሱቅ ተመለስኩ።

እናቴ ጋደም ስትል ወደ አጎቴ ደወልኩ። ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ።

«አጎቴ፣ ሽመላዎቹ ገቡ።»

«ማን ነው ያለው?» አለ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቃል እንደማይበቃ አውቃለሁ። «ጋሽ እንዳላማው ናቸው ያሉት።»

«አባትሽስ?»

«አዲስ አበባ ሄዷል።»

«እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«እሺ» አለና ዘጋው። አባቴ መርዶውን ቆሞ ማየት አቅቶት የሸሸ መስሎት እንደነበር በኋላ ተናግሯል። ተገላገለች ወይ ብሎ አልጠየቀም፤ ምክንያቱም ሽመላው ከወሊዱ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው ተብሏል። ጋሽ እንዳላማው ደግሞ ቀን የማይሳሳቱ ሰው ነበሩ።

ቅዳሜ ንጋት ላይ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ መኪና ከደጃችን ሲቆም ሰማሁ። ከአልጋዬ ዘልዬ ወረድኩ። በሩን የከፈተችው እናቴ ናት። ጋቢ የለበሱ አራት ሰዎች፣ አጎቴ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላው፣ ጭጋጉ ውስጥ ቆመዋል። የአጎቴ ፊት የተለወጠው የእናቴን ፊት ሲያይ አልነበረም፤ ሆዷን ሲያይ ነው።

«እንኳን... እንኳን ለረመዳኑ አደረሳችሁ» አለ። «ለዚያራ፣ ልንጠይቃችሁ ነው የመጣነው።»

እናቴ አራቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። «ያሕያ ነው?» አለች።

አጎቴ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ያ ነው መርዶው። ከዚያ ሌላ ቃል አልተነገራትም።

እኔ ይህን ሁሉ አላየሁም፤ በኋላ የሰማሁት ነው። በእግራቸው መካከል ሾልኬ ወደ መኪናው ሮጬ ነበር። የኋላውን በር ከፈትኩት፤ ሰው የለም። መቀመጫው ሥር አየሁ። ሾፌሩ «ምን ጠፋብሽ?» አለኝ። «ወንድሜ የታለ?» ስለው ፊቱን ወደ መሪው መለሰ። ከኋላዬ የእናቴን ድምፅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እውነት እላችኋለሁ፣ የደስታ ጩኸት መስሎኝ ነበር። ያሕያ በሌላ በር ገብቶ አቅፏታል ብዬ እየሳቅኩ ተመለስኩ።

እናቴ ደፉ ላይ ወድቃ ነበር። እትዬ ሥራነሽ ነጠላዋን ሳታጣፋ መንገዱን እየሮጠች ተሻገረች፤ ሴቶቹ እናቴን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ እኔን ወደ ውጭ አስወጡኝ። ረፋዱን ሙሉ ከሱቁ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ከዙህር ሶላት በፊት አጎቴ ወጣ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር በሁለት እጁ ታቅፎ ነበር። መደርደሪያው ላይ የነበረው ዳቦ መሰለኝ። ለያሕያ እየወሰደለት ነው ብዬ እፎይ አልኩ።

ስለዚያ ጨርቅ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ወንድ ልጅ ነበር።

አባቴ ሰኞ ደረሰ። አጎቴ የነገረውን ሰምቶ ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ መንገዱን ተሻገረ። እኔ የኮቱን ጫፍ ይዤ ተከተልኩት። ጋሽ እንዳላማው በራፋቸው ላይ ነበሩ፤ እንዲህ ዓይነት ፊት ለብሰው አይቻቸው አላውቅም።

«አንተ ነህ ሽመላ ገባ ያልከው?» አለ አባቴ። እንደ ወንድም የሚተያዩ ሰዎች ነበሩ።

ጋሽ እንዳላማው አባቴን አላዩትም። ከኋላው የቆምኩትን እኔን አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«አዎ» አሉ። «እኔ ነኝ።»

«አየህ? በዓይንህ አየህ?»

«አየሁ።»

አባቴ «ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጥ፤ እኔም ያንተን አልረግጥም» አለና ዞረ።

ያን ዕለት በውስጤ የነበረውን ስናገር አፍራለሁ፤ ደስ አለኝ። ጋሽ እንዳላማው አየሁ ካሉ ሽመላዎቹ መጥተው ነበር ማለት ነው። እኔ ሳላያቸው እሳቸው አይተዋቸዋል። ስለዚህ አልዋሸሁም፤ ደብተሩም አልታመመም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ከአንድ ሸክም ተገላግዬ እንቅልፍ ወሰደኝ። ይህንን እምነት ለዓመታት ያዝኩት። ሳድግ መጠራጠር ነበረብኝ፤ አልተጠራጠርኩም። ተመችቶኝ ነበር።

አባቴ ቃሉን ጠበቀ። የሱቁን ወንበር ጀርባው ለመንገዱ ማዶ እንዲሆን አድርጎ አዞረው። እትዬ ሥራነሽ ጨው ለመግዛት እስከ ገበያው መጨረሻ ትሄዳለች። አሥራ አምስት እርምጃ የማይሞላ መንገድ አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሻገሩት ኖሩ። እኔ ተምሬ ደብረ ማርቆስ የባዮሎጂ መምህር ሆንኩ፤ ወፍ እቆጥራለሁ፤ ሰው ይቀልድብኛል። ጋሽ እንዳላማው ባለፈው ጳጉሜን ሞቱ። የደብረ ማርቆሱ መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ለቀብሩ አልደረስኩም። አባቴ ደግሞ ቤቱ ፊት ለፊት ሆኖ ሳለ አልሄደም፤ አስከሬኑ በሱቁ ፊት ሲያልፍ ለሐዘኑ ብሎ በሩን እንኳ ገርበብ አላደረገም።

መንገዱ ሲከፈት፣ መስከረም ዘጠኝ ቀን፣ በሚኒባስ ይጁቤ ገባሁና መጀመሪያ ወደ እትዬ ሥራነሽ ሄድኩ። አልቅሰን ስናበቃ ከሳጥን ውስጥ ደብተሮቹን አወጣች።

«ለሳሊሃ ስጪያት ብሎኛል። ሌላ ሰው አይገባውም አለ።»

የ2000ን ገጽ ፈልጌ ያገኘሁት እዚያው ተቀምጬ ነው። ጽሕፈታቸው ጥቃቅን፣ ቀጥ ያለ ነው።

«ዓርብ መስከረም 3። ሳሊሃ 5 ሽመላ አየሁ አለች። ሄድኩ። ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ቆየሁ። የለም።»

ቀጥሎ ስምንት ቀን ባዶ ነው። ከዚያ፦ «እሑድ መስከረም 12። ሽመላ 31። ዘንድሮ የመጀመሪያው።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ደብተሩ ላይ አልዋሹም። ለአባቴ ግን ዋሹለት፤ ከኋላው ኮቱን የያዘች ልጅ ስለነበረች ዋሹለት። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ቀን እንዳይዛነፍባቸው የለፉ ሰው፣ የሌለ ሽመላ አየሁ ብለው ጎረቤታቸውን አጡ።

«እትዬ፣ እርስዎ ያውቁ ነበር?» አልኳት።

«ምኑን?» አለች። እሷንም አልነገሯትም።

ደብተሩን ይዤ ተሻገርኩ። አባቴ ወንበሩ ላይ ነበር፤ እናቴ ከባንኮኒው ኋላ ስኳር ትመዝናለች። ቁጭ ብዬ ልናገር አስቤ ነበር፤ ግን ቆሜ ነው የተናገርኩት።

«አባ፣ ያን ጊዜ ለአጎቴ የደወልኩት እኔ ነኝ። ሽመላ ገባ ያልኩት እኔ ነኝ። ጋሽ እንዳላማው አላሉም፤ በእሳቸው ስም የዋሸሁት እኔ ነኝ። ያሕያ የሚመጣ መስሎኝ ነው።»

ገጹን ገልጬ ጉልበቱ ላይ አደረግኩለት። መነጽሩን አጥልቆ አነበበ። «የለም» የሚለው ላይ ጣቱ ቆመ። መልስ ከእሱ ስጠብቅ የተናገረችው እናቴ ናት።

«በሆዴ የነበረው ልጅ ከአዲስ ዓመት ዋዜማ ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም ነበር» አለች፣ ስኳሩን እንደያዘች።

ሁለታችንም ዞርን።

«ለመንገድ ስትነሳ ልነግርህ አፌን ከፈትኩ፤ በሰላም ደርሰህ ተመለስ ብዬ ተውኩት። እኔም ቀን እየመረጥኩ ነበር። ከዚያ እነሱ መጡ።»

«ሸምሲያ» አለ አባቴ። «አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ?»

«የምትቆጣው ሰው ባታገኝ ትሞትብኝ ነበር። ልጅ ላይ ልጅ አጥተሃል።» እናቴ ስኳሩን አስቀመጠች። «ለእኔም ቀለለኝ። ጥፋቱ ሰው ላይ ሲሆን ቀለለኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

እናቴን በዚያች ደቂቃ ጠላኋት፤ በዚያችው ደቂቃ ደግሞ ላቅፋት ፈለግኩ። አላቀፍኳትም። ሦስታችንም እርስ በርስ መተያየት ፈርተን ደብተሩን እናያለን። አባቴ ዘጋው፤ በመዳፉ ሽፋኑን ጠረገ፣ አቧራ ሳይኖረው።

«ጫማዬን አምጪልኝ» አለኝ።

አምጥቼለት አጠለቅኩለት፤ ጎንበስ ማለት ይቸግረዋል። ክንዴን ይዞ ደረጃውን ወረደ። የመንገዱ መሐል ላይ ቆመና በቤቶቹ መካከል ወደሚታየው ሜዳ ተመለከተ። ከብቶች ነበሩ፤ ከብቶቹ ኋላ ነጫጭ ወፎች ነበሩ።

«እነዚያ ናቸው?» አለኝ።

አየሁ። ደግሜ አየሁ። እግራቸው ቀይ አይደለም።

«አይደሉም አባ። ሽመላዎቹ ገና አልገቡም።»

ራሱን ነቀነቀ፤ መንገዱን ጨረስን። የቆርቆሮውን በር በዱላው አንኳኳ። ከውስጥ የእትዬ ሥራነሽ ኮቴ ተሰማ።

«ማነው?» አለች።

አባቴ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣለትም። እኔ ልመልስለት እችል ነበር፤ ተውኩት። እትዬ ሥራነሽ ሁለተኛ ጠየቀች።

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ።